ክፍት ወንበር

ሐጂ አየር መንገድ ሊከፍቱ ነው ሲባል መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለሰው አውቶቡሳቸው ላይ ረዳት ሆኜ፣ በሐረጎ ቁልቁለት በሩን ይዤ እየጮህሁ ነው የጎለመስሁት። ጎማ ሲፈነዳ ኮታቸውን አውልቀው አብረውኝ ክሪክ የሚያዞሩ ሰውዬ ከሰማይ ጋር ምን አገናኛቸው? እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም። «አብሽር» አሉኝ፣ «አውሮፕላን ማለት ክንፍ ያወጣ አውቶቡስ ነው። ሞልቶ ከሄደ ይረክሳል።»

ከሸሪኮቻቸው ጋር ሆነው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የምትመላለስ አንዲት ያገለገለች አውሮፕላን ተከራዩ። ምግብ የለ፣ ሻይ የለ፤ ውሃ እንኳ የጠማው ገዝቶ ነው የሚጠጣው። ታርፋለች፣ ታራግፋለች፣ ጭና ወዲያው ትነሳለች። እኔን መሰላል ገፊና ሻንጣ ጫኝ አደረጉኝ። ከዚያ በፊት አውሮፕላንን በድምፁ ብቻ የሚያውቀው ሰው ሁሉ መጣ፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ የደጋን ነጋዴው፣ ከአረብ አገር የምትመጣ ልጁን ሊቀበል የሚሄደው። አንድ የኩታበር ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ብለው፣ ሁሉም እስኪመልስላቸው አልገባም ሲሉ ሰልፉ እንዳለ ተገተረ። ወላሂ፣ ሥራዬን እወደው ነበር።

አውቶቡሱ ላይ ሐጂ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ከገባ ጎረምሳው ይነሳል። ካልተነሳ ሐጂ ከጋቢናው ዞር ብለው ያዩታል፣ ያኔ የሚደበቅበት ይጠፋዋል። መጀመሪያ ሰሞን አውሮፕላኗም ላይ ይሄው ነበር። በሽተኛ መጥቶ ቦታ ከሌለ ሐጂ ራሳቸው ሰልፉ መሐል ገብተው አንዱን ወጣት በትከሻው አቅፈው ይለምኑታል፤ ስሙ ይሰረዛል፣ የበሽተኛው ይጻፋል፣ አለቀ።

ከዚያ አደግን። አውሮፕላኖቹ በዙ፣ ባለአክሲዮን በዛ፣ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሐጂ አዲስ አበባ ቢሮ ተሰጣቸው፣ እኛ ጋ ፎቷቸው ግድግዳ ላይ ቀረ። ትኬቱም ከበፊቱ ይብስ ረከሰ፤ የረከሰው ግን ስለማይቀየር፣ ስለማይመለስ፣ ለሌላ ሰው ስለማይተላለፍ ነው። በእኛ መስመር የነበረው የሌላው አየር መንገድ ውዱ በረራ ሰው አጥቶ ቀረ። እሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ነበር የሚሄደው፤ የቸገረው ሰው ተበድሮም ቢሆን ይሳፈርበት ነበር። የእኛ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆናችንን ሳወራ ደረቴን እነፋ ነበር፣ ጉድ እኮ ነው።

ባለቤቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ማታ ስገባ «ለአገሩ ሁሉ መሰላል ስትገፋ ትውላለህ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔም ኢንሻአላህ እላታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ልቧ ከዳት። ደሴ ሆጤ ካለው ቤታችን ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልገባች ተስፋ የላትም አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ በመኪና አትችለውም፣ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ መብረር ግን ትችላለች ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። በአምቡላንስ ኮምቦልቻ ወረድን።

ትኬት ክፍል ያለችው ልጅ እንደ ልጄ የማያት ናት። የኮምፒውተሩን መስታወት ወደ እኔ አዞረችው። ሙሉ ነው፣ የዕለቱም በረራ እሱ ብቻ ነው።

ይሄኔ ከሰልፉ አንዲት ሴት ወጣች። አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ነበር የምትሄደው። «የኔን ወንበር ስጧት» አለች፣ «እኔ ሌላ ቀን እሄዳለሁ።» ልጅቷ ስሙ አይቀየርም አለቻት። እንግዲያው ሰርዢኝና ለእሷ ሽጪላት ብትላትም ሽያጩ ተዘግቷል፣ ኮምፒውተሩ አይቀበልም ሆነ መልሱ። እየነገረቻት የልጅቷ እንባ ይወርዳል።

ለሐጂ ደወልሁ። «አብሽር፣ አሁን አስጨርሳለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ በመስኮቱ አውሮፕላኑን ታያለች። ሰው ገብቶ ሊያልቅ ሲል ሐጂ መልሰው ደወሉ። ድምፃቸውን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

«እምቢ አሉኝ፣ ልጄ። ወንበሩ የእርስዎ አይደለም አሉኝ።»

ሴትዮዋ በመጨረሻ ስሟ ሲጠራ አልተነሳችም። ባለቤቴ አጠገብ ቁጭ ብላ እጇን ይዛለች። እኔም አልሄድም አለች። የሥራ ጓደኞቼ አቀርቅረው መሰላሉን ጎተቱት፣ አውሮፕላኑም ያቺን የተከፈለባትን ባዶ ወንበር ይዞ ተነሳ። እስከዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ቢሞላ እኮ እሺ!

በመኪና ከመሞከር ሌላ ምን ነበረን? ሴትዮዋም አብራን አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ከኮምቦልቻ ብዙም ሳንርቅ ባለቤቴ ደረስን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አብሽሪ፣ ደርሰናል አልኋት። ሸሃዳ አሰኘኋትና እዚያው መንገድ ላይ አረፈች።

በማግስቱ ሐጂ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ገና ሲገቡ ጎረምሶቹ ብድግ ብድግ አሉላቸው፤ አንዱ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አቀረበላቸው። ሐጂ ወንበሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። አርጅተዋል። ይቀመጡ እንድላቸው ነው የሚጠብቁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ወንበር ስፈልግ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ሐጂ ዱዓው እስኪያልቅ እንደቆሙ ነበር። ወንበሩ ላይም ማንም አልተቀመጠም።