እትዬ ዘነበችና የልጄ አንጓ

የለጋ ቅቤ ሽታ ነው እትዬ ዘነበችን ያስታወሰኝ። ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሽታው የእጇ አንጓ ላይ ከተጠመጠመው ጨርቅ መጣ። ጣቶቿን ብይዝ በረዶ ሆነዋል፤ ጥፍሮቿ ጠቁረዋል። ያምሻል ወይ አልኳት።

«ትናንት ነበር የሚያመኝ፤ ዛሬ እጄ የለም» አለችኝ።

የጨርቁን ቋጠሮ መፈለግ ጀመርኩ።

እትዬ ዘነበች ከውቤ በረሃ ጀርባ፣ አሁን በፈረሰው ግቢያችን የሚኖሩ ወጌሻ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከአጥር ወድቄ አንጓዬ ሲሰበር፣ ቅቤያቸውን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ የሸምበቆ ስንጥራቸውን በነጠላ ቅዳጅ ይዘው መጡ። ካሰሩኝም በኋላ ጠዋትና ማታ ብቅ እያሉ ጥፍሬን ጫን አድርገው ይለቁታል። ቶሎ ካልቀላ ማሰሪያውን ይፈቱታል። «ማሰርማ ማገዶም ይታሰራል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ ከተወለደ ጀምሮ አንጓው የታጠፈ ሕፃን መጣላቸው። ዳብሰው ዳብሰው ለእናቱ መለሱላት።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የተሰበረ ነው የማቃናው። ይሄ ከማህፀን ነው፤ ሐኪም ይየው።»

ሴትዮዋ እያለቀሰች ወጣች። ለምን እንደጨከኑባት አልገባኝም ነበር።

የኔም ልጅ አንጓዋ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተወለደች። በሕፃንነቷ ሐኪሞች በጀሶ ቀስ በቀስ ይለጠጥ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ይደረግላት ሲሉኝ ቢላውን ፈርቼ ሰባት ዓመት ሸሸሁ። በመጨረሻ የማላውቃቸው ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። እትዬ ዘነበች ስላዳኑኝ ወጌሻ ሁሉ እሳቸው መሰለኝ። ሰውዬው ጠፍረው አስረው በሳምንቱ መልሻት አሉኝ። እትዬ የተዉልኝ «ሐኪም ይየው» የምትለዋን ቃል ነበር፤ እኔ ቅቤውን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

እዚያው አስፋልት ዳር ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ታክሲ ውስጥ እጇን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ በገዛ እጄ አካለ ጎደሎ አደረግኳት እያልኩ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቶቿ ይተርፉ እንደሆነ ቆይተን እንይ አለች። የአንጓው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፤ ጊዜው ስለዘገየ ጀሶ ብቻውን አይበቃውም፣ ቀዶ ጥገናውም ፈጽሞ ላያቀናው ይችላል፣ ስታድግም መልሶ ሊታጠፍ ይችላል አለችኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ።

ሦስት ቀን እዚያው ሐኪም ቤት ተኛች። በአራተኛው ቀን በዚያው እጇ አውራ ጣቴን ጨበጠችኝ።

አንጓዋ አሁንም ጎባጣ ነው፤ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘናል። እጇ ግን ተርፏል። ቤታችን ገብተናል፤ ደህና ነን።