በእጅ የተገፋችው ሴሊካ

እስከ አንገቱ የተቆለፈ አሮጌ ኮት የለበሰው ሰውዬ ቀይዋን ሴሊካ በትከሻው እየገፋ፣ በመስኮቱ በኩል መሪዋን እያቃና ከአሶሳ ገበያ ጀርባ ካለው ቅያስ ወጣ። መኪናዋ ዝቅ ተደርጋለች፤ ከኋላዋ ክንፍ ተተክሎላት፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋም የወተት ጣሳ ያህል ሰፍቷል። ከፍሎ ሊወስዳት ከባምባሲ የመጣው ሞቱማ ሳቅ አመለጠው።

«አባባ፣ የእሽቅድምድም መኪና እንደ ጋሪ ይገፋል እንዴ? ባትሪ የላትም?»

«ባትሪዋስ ደህና ነው» አለ ሰውዬው፣ ጣቶቹ ያረፉበትን ቀለም በእጅጌው እየወለወለ። «ልጃችንን ከቀበርነው ወዲህ እናቱ የመኪናውን ሞተር ድምፅ ከሰማች እሱ የመጣ ይመስላታል። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ አስነሳት።»

ከወንበሩ ሥር አንዲት ማበጠሪያ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሞቱማ አፍሮ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ሰውዬው ከኋላ ገፋ።

ሞቱማ ግን ቁልፉን ሲይዝ አስፋልቱ ድረስ አላስቻለውም። ገና ከቅያሱ አፍ ባለ ማንጎ ዛፍ ሥር አስነሳት። ሰፈሩ ተናወጠ።

ከላይ የቆርቆሮ በር ተንቋቋ። «መጣሁ የኔ ጌታ! እየከፈትኩ ነው!» አለች አንዲት ሴት።

ሞቱማ ደንግጦ ሞተሩን ሊያጠፋ ሲል ሰውዬው ጭሱ ውስጥ እንደቆመ ጮኸ።

«አታጥፋት! ሞተሩ ዝም ካለ፣ እናቱ ልጄ ደረሰ ትላለች።»