ልጄ አፏን የፈታችበት ቤት

ልጄ አፏን የፈታችው በሦስት ቃል ነው፤ «ቢሻን»፣ «ዲዴ» እና «ቢስሚላ»። የመጀመሪያው በኦሮምኛ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው እምቢ ማለት ነው፤ ሦስተኛውን ማንም ያውቀዋል። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለቤቴ ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተመድቦ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እኔ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል እየኖርኩ የመንግሥት ቢሮ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ልጄን ለአከራያችን አስረክቤ እወጣለሁ፤ ማታ እንቅልፏ ሲመጣ እረከባለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚያዋሯት እሳቸው ናቸው። ቢሯችንም ደብዳቤውን ሁሉ በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ለሠራተኛ የተዘጋጀውን የቋንቋ ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ልጄ በሁለት ዓመቷ ሳትማር አልፋለች።

አከራያችንን «አዮ» ትላቸዋለች፤ እናቴ እንደማለት ነው። እኔን «ሄጄመጣሁ» ነው የምትለኝ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምላትን ስሜ አድርጋው ቁጭ አለች። ጎረቤት ሲስቅ እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ!

እንዲህ እያለን እናቴ ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ ላከች። «ልጅቷን ላያት እመጣለሁ። አያያዟ ካላማረኝ ይዣት እመለሳለሁ» ይላል። እናቴ ለወሬ ያህል አትናገርም። የታላቅ እህቴን የበኩር ልጅ እንዲሁ «ላየው ነው» ብላ ሄዳ ይዛው መጥታለች፤ እህቴን ዛሬም ድረስ በስሟ ነው የሚጠራት። ልጄን ማጣት አልፈልግም። ማታ ማታ ብቻ የማገኛት ብትሆንም አልፈልግም።

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። «እንደምን ዋሉ እማማ በይ» እላታለሁ። «ዲዴ» ትላለች። ከረሜላ አሳያታለሁ። ከረሜላውን ተቀብላ፣ ልጣ፣ አፏ ውስጥ ከታ፣ «ዲዴ» ትላለች። እንድታማትብ ጣቷን ይዤ ግንባሯ ላይ ሳስቀምጠው በጣም ደስ ብሏት «ቢስሚላ!» ትላለች። እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር እኔ «እሽሽ! እንደሱ አይባልም» ማለት ሆነ ሥራዬ። በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ ገባት። መናገር የሚባለው ነገር በጠቅላላው ክልክል ነው ብላ ዝም አለች።

እናቴ መጣች፤ ልጄ አራት ቀን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። እናቴ ተጣራች፣ አባበለች፣ ተቆጣች። ልጄ ጨዋ እንግዳ ይመስል እጇን አጣጥፋ ታያታለች።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለች እናቴ። «ይሄ ግን በዛ። ልጅቷ ዲዳ ናት፤ አንቺ ደብቀሽኛል። ከነገ ወዲያ ጸበል ይዣት እሄዳለሁ፤ እዚያው እኔ ጋ ታድጋለች።» የልጅቷን ልብስ በፌስታል አድርጋ አልጋ ሥር አስገባች።

ዲዳ አይደለችም እንዳልል፣ ታዲያ በምን ቋንቋ ነው የምትናገረው ልትለኝ ነው። እሱን ከነገርኳት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ይዛት ልትሄድ ነው። ወይ ጉዴ! እኔም እንደ ልጄ ዝም አልኩ።

የመሄጃቸው ዋዜማ አረፋ ነበር። አከራያችን በግ አርደው ሁላችንንም ጠሩን። የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ለእኔና ለእናቴ ለብቻው በአዲስ ድስት ሽሮ ሠርተዋል። እናቴ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።

የሥጋው ሳህን ሲገባ ልጄ ብድግ አለች።

«አዮ! ፎን ናፍ ኬኒ!» ብላ ጮኸች። ሥጋ ስጪኝ ነው። መልስ ሲዘገይባት ወደ አማርኛ ዞረች፤ «ሥጋ! ወላሂ ሥጋ!»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች እናቴ። «ትናገራለች እንዴ?»

«እንዴታ!» አሉ አከራያችን። «አፏ መች ያርፋል! ሰሞኑን ምን እንደነካት እንጃ እንጂ።» ወደ ልጄ ዞረው ደግሞ፣ «ላኪ፣ አይሆንም ልጄ። ይሄ የኛ ነው። ያንቺ እናንተ ቤት ሲታረድ ነው» አሏት።

ከመደርደሪያው አንዲት ቢጫ ሳህን አወረዱ። የተቀቀለ እንቁላልና ድንች አለባት። ልጄ ሳህኗን ገፍታ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ በሁለቱም ቋንቋ አለቀሰች። የልጅ ልጆቻቸው ሥጋውን እየበሉ ያይዋታል። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። አጠገቧ ቁጭ ብለው ልቅሶዋ እስኪያልቅ ጠበቁና እንቁላሏን ቆርሰው አጎረሷት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለቻቸው እናቴ።

«ክርስትና የተነሳች ልጅ አይደለች? አደራ ናት። ሳህኗም ለብቻው ነው፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። እናቷ ባታይ አላህ ያያል።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ ቀን ምን እንደምትበላ፣ በምን እንደምትበላ ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። እናቴ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደችና መብላት ጀመረች።

በነጋታው ንጋት ላይ ተነስታ ፌስታሉን ፈታች፤ ልብሱን አንድ በአንድ አጣጥፋ መለሰችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁ። ልጄን እንደተለመደው ለአከራያችን ሰጥቼ እናቴን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ስለተውሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት፤ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል።

ትከሻዬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ልጅን ከእናቷ አልነጥልም» አለች።

ደስታዬ ወሰን አጣ። አቀፍኳት፤ እያገላበጥኩ ሳምኳት።

«አንቺን ማለቴ አይደለም» አለችና ወደ አውቶቡሱ ወጣች።

ልጄ ቀረችልኝ። ረፍዶብኝ ስለነበር ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄድኩና መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ እስከ ምሳ አለቀስኩ።