ዓይኑን የሰበረው ውሻ

ተቆጣጣሪው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት የከተማ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ሳይከፍል የተሳፈረውን ከከፈለው መለየት። "ቲኬት አሳዩ" ማለትማ ማንም ይላል። እሳቸው ግን አይጠይቁም፤ ያያሉ። በፊት በር ገብተው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ከፊተኛው ወንበር እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይናቸውን እንደ መጥረጊያ ይስቡታል። የከፈለ ሰው መልሶ ያያቸዋል። ያልከፈለው መስኮት ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ ድንገት ስልኩ ትዝ ይለዋል። "ዓይኑን የሰበረ፣ ኪሱ ባዶ ነው" ይላሉ፣ የጥንት አባባል የጠቀሱ ይመስል።

የሰፈር ሰው በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ "ጋሽ ቲኬት" ነው የሚላቸው። አብሯቸው የሠራ አንድ ሾፌርማ እስከ ዛሬ ይስቃል፤ "እኔ ራሴ መሪ ይዤ እያለሁ በመስታወቱ ሲያዩኝ፣ ሳልከፍል የተሳፈርኩ ይመስለኝ ነበር" ይላል።

ቤት ውስጥም ያው ናቸው። ወተት ከመጠጣታቸው በፊት ያሸታሉ፤ ካሸተቱ በኋላ ደግሞ ያመጣውን ሰው ያያሉ። በር ቆልፈው ይሄዱና ተመልሰው እጀታውን ይነቀንቁታል። ራዲዮናቸው ጣቢያ አልስብ ካላቸው "ሆን ብለው ነው" ይላሉ፣ እነማን እንደሆኑ ሳይናገሩ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ "አንተ ሰው፣ ጥላህንስ ቲኬት ጠይቀኸው ታውቃለህ?" ይሏቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፦ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው ኮከር ስፓኒየል የሚባል ዝርያ ውሻ የገባው።

ያመጣችው ልጃቸው ናት። ከባሏ ጋር ሆድና ጀርባ ሆና፣ ሁሉም ሰው "ትንሿ" የሚላትን ሴት ልጇን በአንድ እጇ፣ ሻንጣዋን በሌላው ይዛ በር አንኳኳች። "ለጥቂት ጊዜ ነው አባዬ" አለች። ተቆጣጣሪው ደስ አላቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሚሰማው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ደስታቸውን ለማሳየት ግን አልተጣደፉም፤ ከሻንጣው ኋላ አንድ ነገር እየተወዛወዘ ገብቷልና። ጸጉሩ ማር የመሰለ፣ ጆሮው ከመንጋጋው በታች የተንዘረፈፈ፣ ፊቱ ሁሉ ዓይን የሆነ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"ሙጫ ነው" አለች ትንሿ። "ሰው ላይ ስለሚጣበቅ።"

ሙጫ ስሙን አላሳፈረም። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡም አብሮ ይወዛወዛል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ለወሬ ጎራ ስትል ጫማዋ ላይ አገጩን አስደግፎ ይተኛል። ቤት ተሳስቶ ያንኳኳ ሰው እንኳ እንደ ጠፋ ወንድም ነው አቀባበሉ። ልብስ ሰፊዋ "እንዴት ያለ የፍቅር ውሻ ነው!" ስትል ተቆጣጣሪው ፊታቸው ይኮማተራል።

"እኛ የምናውቀው ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው። ይሄ በበላበትም ባልበላበትም አይጮኽም። ሁሉን የሚወድ ማንን ሊጠብቅ ነው?"

"ለጥበቃ እኮ አይደለም አባዬ" ትላለች ልጃቸው። "ዝርያው እንደዚህ ነው። ከሕፃን ጋር የሚኖር፣ ገር፣ ሆደ ባሻ የሆነ ውሻ ነው።"

"ሆደ ባሻ ውሻ! ነገ ደግሞ አኩርፎ ራት አልበላም ይበለና እንለምነው።"

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ግን ተቆጣጣሪው ከውጭ ሲመለሱ ሙጫን ሳሎን መሐል ቆሞ አገኙት። እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆም አሉና አዩት፣ ልክ አውቶቡስ ላይ እንደሚያዩት። ሙጫ ጅራቱን አወረደ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ሆዱን ወለል አስነክቶ ሽንቱን ለቀቀው።

ሌላ ሰው ቢሆን መወልወያ ይፈልግ ነበር። የተቆጣጣሪው ልብ ግን ድው ድው አለ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ግልጽ የእምነት ቃል ሰጥቷቸው የሚያውቅ የለም።

"ምን አድርገህ ነው?" አሉት።

ሙጫ ጨመረበት።

ጥፋተኛው ተገኘ፤ የቀረው ጥፋቱን ማግኘት ነው። የሶፋውን ትራስ ገለበጡ። የጫማቸውን ሶል ለጥርስ ምልክት መረመሩ። ከአልጋ ሥር በባትሪ ፈለጉ። ምንም የለም። "ተጠንቅቆ ነው የሠራው" አሉ። በማግስቱም አዩት፤ ያው። በሦስተኛውም ቀን ያው። ለአገር ምድሩ ጅራት፣ ለእሳቸው ሽንት። ታዲያ ከዓለም ሁሉ እሳቸውን ብቻ የሚፈራቸው፣ የሚያውቁበት ነገር ባይኖር ነው?

መልሱን ያገኙ የመሰላቸው ራት ላይ ነው። ትንሿ ዳቦ ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ላይ ቀይ ጭረት አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ትንሿ እጅጌዋን ሳበች። "ምንም።"

"ነከሰሽ?"

"ኧረ አልነከሰኝም!"

"ታዲያ ምን ነካሽ?"

ልጅቷ ሳህኗን አየች። ጠረጴዛው ሥር ሙጫ ወለሉን አየ። ተቆጣጣሪው ከሁለቱ አንድ ቀና ያለ ዓይን አጡ። ለእሳቸው ፋይሉ ተዘጋ፤ አንዱ ነክሷል፣ ሌላዋ ትሸፍንለታለች። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ፈርተዋል። ዛሬ አንጓ የነካ ጥርስ ነገ ፊት ላይ ነው፤ የሚስቅ ጥርስ ደግሞ ሲነክስ አያስጠነቅቅም።

ስለዚህ ልጃቸው ሥራ በሄደችበት፣ ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያለውን ሰው አነጋገሩ። ሰውየው ለግቢው ውሻ ሲፈልግ ሰንብቷል። "ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ ጋሼ" አላቸው። ማታ ለልጃቸው ነገሯት።

ልጃቸው አልጮኸችም። ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዋን አወረደችና አልጋዋ ላይ ከፈተችው። "ሙጫ ከዚህ ቤት በወጣ ቀን እኛም ወጣን" አለች።

"ልታስፈራሪኝ ነው?"

"አይደለም አባዬ። ያቺ ልጅ በዚህ ወር ስንት ነገር አጣች? አባቷን፣ ክፍሏን፣ ጓደኞቿን። ውሻዋን ደግሞ እኔ እያለሁ አታጣም። ነክሷል ካልክ ሐኪም ይየው።"

"እኔም እሄዳለሁ። በሰው አፍ ሪፖርት አልቀበልም።"

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጅጌዋን ጠቅልላ ሙጫን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ሙጫ በጉዞው ላይ ከታክሲው ረዳት ጋር፣ እዚህ ደግሞ ተራዋን ከምትጠብቅ ድመት ጋር ሳይቀር ተዋውቆ ነው የደረሰው። ሐኪሟ ጥርሱን አየች፣ ጆሮውን ገልብጣ አየች፣ የትንሿን አንጓ አየች። "ይሄ የጥርስ አይደለም። ጥርስ ይወጋል፤ ይሄ እንደ ሽቦ ያለ ነገር የጫረው ነው" አለች። ከዚያ "ሽንቱን የሚለቀው ለማን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ለእኔ" አሉ ተቆጣጣሪው፣ ኮራ ብለው።

"እስቲ ይዩት።"

አዩት። ሐኪሟ በፍጥነት ፎጣ ዘረጋች።

"ኮከሮች ገር ናቸው አባቴ፤ ግን ልባቸው ስስ ነው" አለች እየጠራረገች። "ድምፅ ከፍ ሲል፣ ሰው ከላይ ቆሞ ሲያፈጥባቸው ይርበተበታሉ። እንዲህ ሲያደርግ 'ከእርስዎ በታች ነኝ፣ ይተዉኝ' ማለቱ ነው። ሲቆጡት ደግሞ ይብስበታል።"

"ካላጠፋ ለምን ይተዉኝ ይላል?"

"ሰውስ ቢሆን፣ ያላጠፋ አይፈራም?"

ተቆጣጣሪው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

"አያፍጡበት። ቁጭ ይበሉ፣ ጎንዎን ይስጡት፣ ሌላ ነገር ይዩ። ራሱ ይመጣል።"

መንገድ ላይ ለልጃቸው "ቀድመሽ ደውለሽላታል" አሏት። "ለተከሳሹ ጠበቃ ነው ያቆምሽለት።" ልጃቸው ቤት ገብታ የትንሿን ሹራቦች ማጣጠፍ ጀመረች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ከሙጫ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። የሐኪሟን ቃል ሐሰትነት ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ጉልበታቸውን እየደገፉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጎናቸውን ለውሻው ሰጡ፣ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ግድግዳው ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። መቼ እንደተሰነጠቀ ሲጠረጥሩ ቆዩ። ከኋላቸው የጥፍር ኮቴ ተሰማ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሰማ። ላለመዞር አንገታቸውን ገተሩ።

በዚህ መሐል ትንሿ ከትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማ አያቷን አየቻቸው፤ መሬት ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን ሰብረው።

"አያቴ፣ ምን አጥፍተህ ነው?"

"ማን? እኔ? ምንም።"

"ታዲያ ለምን ግድግዳ ታያለህ?"

"ዝም ብዬ ነው። ውሻሽ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቅኩ ነው።"

ትንሿ ነገሩ ገባት መሰል፣ ቦርሳዋን ጥላ አጠገባቸው ተቀመጠችና እሷም ግድግዳውን ታይ ጀመር። ከዚያ ለግድግዳው እንደምትናገር ሁሉ፦

"አያቴ፣ ራዲዮኑን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ተቆጣጣሪው አልዞሩም። በቀላሉ ግን አይደለም።

"አንቴናውን ስስበው ተሰበረ። መልሼ ስሰካው ጫረኝ። ሙጫ ምንም አላደረገም።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?"

"እያየኸኝ ነበራ! ስታየኝ አፌ እምቢ ይለኛል።"

ተቆጣጣሪው ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ልጃቸውም እኮ ከባሏ ጋር መጣላቷን አንድ ቀን አልነገረቻቸውም፤ የነገራቸው ሻንጣው ነው። ቢጠይቋት ኖሮ እንዴት አድርገው እንደሚያዩዋት ያውቃሉ። ለትንሿ ምን እንደሚሉ ሲያስቡ፣ ጭናቸው ላይ ሞቅ ያለ፣ ከበድ ያለ ነገር አረፈ። ሙጫ አገጩን አስደግፏል።

"ምን ፈልጎ ነው?" አሉ ሳያዩት።

"ምንም አይፈልግም።"

"የማይፈልግ የለም" አሉ። ጭናቸውን ግን አላነሱም።

ቅዳሜ ጠዋት የጋራዡ ሰው ሰንሰለት በእጁ ጠቅልሎ መጣ። ልጃቸው ሻንጣዋን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ ትንሿ ከኋላዋ። ሙጫ የትልቅ ሰው ጨዋታ አያውቅም፤ ወደ ጋራዡ ሰው በረረ፣ በጫማው ዙሪያ ተሽከረከረ፣ ሰንሰለቱን ሳይቀር ላሰው።

"ይኸው ራሱ ፈቀደ!" አለ ሰውየው እየሳቀ።

"እሱ ለማንም ይፈቅዳል" አሉ ተቆጣጣሪው። "የት ነው የምታስረው?"

"በሩ ጋ ነዋ። ትንሽ ጊዜ ሲታሰርና ጠንከር ሲባልበት ክፉ ይሆንልኛል።"

"አይሆንም።"

"ይሆናል ጋሼ፤ ዱላ የማያስተካክለው ውሻ የለም።"

"አይሰጥም ማለቴ ነው።"

የሰውየው ሳቅ ቆመ። "ቃል ሰጥተውኝ?"

"ሰጥቼህ ነበር። ልጅቷን የነካ መስሎኝ ነው፤ አልነካም።"

"ለሌላ ሰው ቃል ገብተዋል ማለት ነው።"

"ለማንም አልገባሁም።"

ሰውየው ትኩር ብሎ አያቸው። ተቆጣጣሪው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም፤ ኀፍረቱ ጆሯቸው ድረስ ወጣና ዓይናቸው ሳያዙት ወደ ጫማቸው ወረደ። የጋራዡ ሰው ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ" አለ፣ "በደንብ ገባኝ።" ጋሽ ቲኬት ውሻውን ለአንድ ባለ ጊዜ ሰው ዘመድ ሊሰጡት ነው የሚለው ወሬ ከቀትር በፊት ሰፈሩን አዳረሰ።

እሱ ሲወጣ ልጃቸው ከኮሪደሩ መጣች። ፊቷ ላይ ምስጋና የለም።

"ይሄ ምን ዘዴ ነው አባዬ?"

"ዘዴ አይደለም።"

"እኔ ሰኞ ሥራ ስገባ ሌላ ሰው ልትጠራ ነው?"

"ማንንም አልጠራም።" የምትለው ካለ እንድትል ብለው የጫማ መደርደሪያውን እያዩ ነበር የተናገሩት።

"ዓይኔን እያየህ ንገረኝ እንጂ!"

አዩዋት። ወዲያው አፏን ገጠመችና እሷ ወደ ጫማዎቹ ዞረች። ሁለቱም መደርደሪያውን ሲያዩ ቆዩ። "ቢያንስ አንድ ሳምንት ላስብበት" አለች በመጨረሻ።

ሻንጣው ወደ ቁም ሳጥኑ አልተመለሰም፤ አልተከፈተምም። ክፍሏ በር ሥር ቆመ። ሙጫ ሌሊት ከእሷ ጋር ነው የሚያድረው፤ በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ተቆጣጣሪው ይሰማሉ፤ እጀታው ሁለቴ ሲነቀነቅም ይሰማሉ። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ግድግዳቸውን ያያሉ፣ ሙጫ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ይረሱና ከበሩ ላይ ያፈጡበታል፤ ያን ጊዜ መወልወያውን ራሳቸው ያመጣሉ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጃቸው ሰዓት ረፍዶባት፣ ትንሿንም ልታደርስ እየተጣደፈች፣ ከበሩ ላይ ተመልሳ የሙጫን ማሰሪያ ዘረጋችላቸው።

"እስከ ጥጉ ድረስ ብቻ" አለች። "አስፋልቱን አትሻገር።"

"አልሻገርም።"

"ጋራዡም ጋ አትድረስ።"

"ምን ልሠራ?"

አብረው ወጡ። እናትና ልጅ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው፣ ተቆጣጣሪውና ሙጫ ወደ ሌላው አቅጣጫ። ሙጫ ጋዜጣ ሻጩን ሰላም አለ፣ ጋሪ የሚገፋውን ሰላም አለ፣ ባዶ ወንበርም ሰላም አለ። ተቆጣጣሪው ግን በፌርማታው ጫጫታ መሐል የልጃቸው ጫማ ኮቴ ሲርቅ አልሰሙም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ልጃቸው አልተሳፈረችም። ከኋላ የሚያይን ዓይን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ማጅራታቸው ላይ አርፎ ይሰማቸዋል። ዞር ብለው ማየት አማራቸው፤ ግን አልዞሩም። ማሰሪያውን ላላ አድርገው፣ እንድታያቸው ቀስ ብለው፣ እስከ ጥጉ ሄዱ።