«ሰአት ሰሪ» ብሎ ለሚፈልግ

ሰዓት ሠሪዋ ድረ ገጽ ካወጣች አምስት ወር ሆኗት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ደጁ ጭር ሲልባት፣ ስልኳን አንስታ ሰዓቱ የተበላሸበት ሰው የሚጽፈውን ጻፈች፤ «ሰአት ሰሪ»። መፈለጊያው ብዙ ነገር አመጣላት። አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ነገራት። አዲስ ሰዓት የሚሸጡ ሦስት ሱቆችን አሳያት። ባሕር ማዶ አሁን ቀን ይሁን ሌሊት የሚያሰላ ገጽም ነበር። እሷ ግን የለችም። ሁለተኛውን ዝርዝር አየች፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ ወረደች። የለችም።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ለራሷ፣ ስልኩን ከወረንጦዎቹ አጠገብ እያስቀመጠች።

የሚያውቋት እትዬ ደቂቃ ይሏታል። ሰው በሯ ላይ ሲቆም አጉሊ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሳ «አንድ ደቂቃ» ስለምትል ነው፤ ያቺ ደቂቃ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ትሆናለች። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራችው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሰፊ መስታወት ጀርባ ነበር። ያኔ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም፤ አላፊ አግዳሚው አጎንብሳ ስትሠራ ያያታል፣ ቤቱ የቆመ ሰዓት እንዳለው ትዝ ይለዋል፣ በማግስቱ ይዞ ይመጣል። መንገዱ ሲሰፋ ሕንጻው ፈረሰ። አሁን ያለችው በሌላ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጓሮው በኩል፣ በልብስ ሰፊ ቤትና ሁልጊዜ በተቆለፈ ቢሮ መካከል ነው። እግር ጥሎት እዚያ የሚደርስ ሰው የለም።

ክፍሉን የተከራየችው ድረ ገጹን ባወጣችበት ወር፣ ለአንድ ዓመት ነበር። የእህቷ ልጅ የስልክ ዕቃ መሸጫ አለው፤ «እትዬ፣ እኔ ጋ ካሽ ላይ ተቀመጪልኝ» ብሎ ለምኗታል፣ ከልቡ። ዓመቱ ሲሞላ እነግርሃለሁ አለችው። ካሽ ላይ መቀመጥ ነውር የለበትም። ነገር ግን በአርባ ስምንት ዓመቷ እጇ ከሥራ ከተፋታ ዳግመኛ እንደማይመለስላት ታውቃለች፤ ጣት ሲቦዝን ይደድራል። ስለዚህ ሰባት ወር ነበራት፤ በሰባት ወር ውስጥ ሰው ሊያገኛት ይገባል።

እዚህ ላይ አሠራሯን ማወቅ ይጠቅማል። የቆመ ሰዓት ስትከፍት አንድ ነገር ብቻ ትነካለች፤ ከዚያ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ትጠብቃለች። ሁለት ነገር አንዴ ከነኩ የትኛው እንዳዳነው፣ ወይም የትኛው እንደገደለው፣ አይታወቅማ! ድረ ገጹንም እንዲሁ ልትይዘው ቆረጠች። አንድ ለውጥ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት፣ ከዚያ እንደገና በስልክ መፈለግ። ለዚህም አንድ ባለመስመር ደብተር ገዛች።

የመጀመሪያውን ብልሽት ያገኘችላት የሰዓቷን ቺንጊያ ልታስቀይር የመጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ድረ ገጹን በስልኳ ከፈተችና ወደ እትዬ ደቂቃ አዞረችው።

«እስቲ ጽሑፉን በጣትዎ ተጭነው ይያዙት።»

ያዘችው። ምንም አልሆነም።

«ጽሑፍ ቢሆን ቃሉ ይመረጥ ነበር። ይሄ ሥዕል ነው እትዬ።»

እውነትም ሥዕል ነበር። የሰዓት ሠሪዋ ታላቅ ወንድም ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያስቀናል። ማስታወቂያውን በወፍራም ወረቀት ላይ በቀለም ጽፈው ሰጧት፤ እሱ ፎቶ ተነሣና ድረ ገጹ ላይ ተሰቀለ። ያየው ሁሉ እንዴት ያምራል ይል ነበር። መፈለጊያው ግን ለማማር ግድ የለውም። እየዞረ የሚለቅመው በፊደል የተተየበ ቃል ነው፤ ሰው ሲጠይቀው ከለቀመው ውስጥ የሚመስለውን ያወጣል። ከእሷ ገጽ ሊለቅም የሚችለው አንድም ቃል አልነበረም። እንግዲህ አምስት ወር ሙሉ የተከፈተ፣ ግን ስም የሌለው በር ነበራት ማለት ነው።

የወንድሟን ጽሑፍ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ቃል በቃል ተየበችው። ርእሱ «የጊዜ መቁጠሪያ መሣሪያዎች ዕድሳትና ጥገና» ይላል። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። «ሰአት ሰሪ» ስትል አሁንም የለችም። «የጊዜ መቁጠሪያ መሣሪያዎች ዕድሳት» ስትል ግን አንደኛ ወጣች! ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ያንን ጽፎ የሚፈልግ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው፤ እሷና ወንድሟ።

ርእሱን እንለውጠው ብላ ቤታቸው ሄደች። መምህሩ ብዙም አልተከራከሩም፤ ሕዝቡ ሰዓት ሠሪ ካለ ሰዓት ሠሪ ይሁን አሉ። ጠቡ የመጣው ፊደሉ ላይ ነው። ለእሳቸው ሰዓት በእሳቱ ሰ እና በዓይኑ ዐ ነው፣ ሠሪ ደግሞ በንጉሡ ሠ። ሰው ግን ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ሲጽፍ የቀረበውን ይጫናል፤ ሰአት ይላል፣ ሠአት ይላል፣ ሠዓትም ይላል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው። መፈለጊያውስ አንድ ያደርጋቸው ይሆን? ይህን ለማወቅ እትዬ ደቂቃ በአራቱም አጻጻፍ በተራ ሞክራ የወጣውን ዝርዝር ደብተሯ ላይ ጎን ለጎን ገልብጣ ነበር። በእሷ ስልክ ላይ አራቱም ይለያያሉ። ደብተሩን ለወንድሟ አሳየቻቸው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩትን ስሕተት፣ ዛሬ የእህቴ ደጃፍ ላይ ልስቀለው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰው ተሳስቶ ሲፈልገኝ፣ ፊደሉን አስተካክሎ እስኪመጣ በሩን ልዝጋበት?»

«አትዝጊበት። ካስገባሽው በኋላ ግን አርሚው።»

መምህሩ በሳምንቱ መፍትሔ ይዘው መጡ። «ሰዓት ነው ወይስ ሰአት?» የሚል አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፈው፣ የተሳሳቱትን አጻጻፎች ሁሉ አንድ በአንድ ጠቅሰው፣ አንድ በአንድ አርመዋቸዋል። ስሕተቶቹ በዚህ ሰበብ በክብር ገቡ። ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። ገጹ ላይ መቶ አርባ ሰው ገባ፤ ሱቋ ግን አንድም ሰዓት አልገባም። የመጡት ተማሪዎች፣ ጸሐፊዎችና ስለ ፊደል መከራከር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። መምህሩ ለእያንዳንዱ መልስ እየጻፉ ጡረታቸውን ረሱት። እህታቸው ደግሞ ደብተሯ ላይ አዲስ ነገር መዘገበች፤ ጎብኚና ደንበኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አራት ወር ቀራት። የእህቷ ልጅ አዲስ ወንበር መግዛቱን፣ ጀርባውም ምቹ መሆኑን በስልክ ነገራት።

የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን የእናቷን ሰዓት ይዛ ብቅ አለች። እትዬ ደቂቃ የገጠማትን ስትነግራት ሳቀች። ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ሰው የመጽሐፉን ርእስ አይነግረኝም አለቻት፤ ያ ሽፋኑ ሰማያዊው፣ መጨረሻ ላይ ውሻው የሚጠፋው ነው የሚለኝ። ከዚያም ጠየቀቻት።

«የእርስዎ ሰዎች በር ላይ ቆመው መጀመሪያ የሚሉት ምንድነው?»

ሰዓት ሠሪዋ ወረንጦዋን አስቀምጣ ለማስታወስ ሞከረች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ አንዱንም አታስታውስም። ሰው «ቀጥ አለ» ሲላት እሷ በልቧ «ዘይቱ ደርቋል» እያለች ትተረጉመው ነበር፤ የሚቀራትም ትርጉሙ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው ሰው የሚላትን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር፣ ሳታርምና ሳታሳጥር፣ እንደወረደ ትጽፍ ጀመር። የሚመጡት ጥቂት ስለነበሩ ከፎቁ ሠራተኞችና ከልብስ ሰፊው ደንበኞችም ለቀመች። አንዱ ባትሪ ቀይሬለት እምቢ አለኝ አላት። አንዷ በቀን አምስት ደቂቃ ይሰርቀኛል አለች። ላብ ጠጣ ያለ ነበረ፤ ከእኔ ጋር ተጣልቷል ያለም አለ። በአምስት ሳምንት ስድሳ ሦስት ዐረፍተ ነገር ሰበሰበች። «ጥገና» የሚል ቃል ስንቱ ላይ እንዳለ ቆጠረች፤ አንዱም ላይ የለም። የባትሪው ነገር ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተደጋግሟል።

ስለዚህ አዲስ ገጽ ሠራች። ርእሱን «ባትሪ ቀየርኩ፣ ሰአቴ ግን አልሰራም» ብላ አስገባች፤ በሰዎቹ ቃልና በሰዎቹ ፊደል። ከሥሩም መልሱን በቅንነት ጻፈች፤ ባትሪው ተገልብጦ እንደሆነ እዩት፣ የጎኑ ማዞሪያ ወደ ውጭ ተስቦ ከሆነ መልሳችሁ ግፉት፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ውስጡ ቆሽሿልና አምጡልኝ። መምህሩ አንብበው በቤቱ የሚድነውን ሁሉ በቤቱ ካስቀረሽው ማን ይመጣልሻል አሏት። የማይድነው ይመጣል አለቻቸው። ከዚያ ዓይናቸው ርእሱ ላይ ወደቀ፤ እሷም ቀይ እስክሪብቶውን ጠበቀች። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና ሁለት ምልክት ብቻ ጨመሩበት፤ ግራና ቀኝ ትምህርተ ጥቅስ።

«በጥቅስ ውስጥ ከገባ ስሕተቱ የተናጋሪው ነው» አሉ። «እኔ የለሁበትም።»

በአሥራ ስምንተኛው ቀን አንድ ሰው፣ በፎጣ የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ፣ እያለከለከ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። «ባትሪ ቀየርኩ፣ ሰአቴ ግን አልሰራም» አላት፤ ቃል በቃል። እትዬ ደቂቃ ደንግጣ አንድ ደቂቃ ማለት እንኳ ረሳች። ሰውዬው ግን ቅሬታ ነበረው። ስልኩ መርቶ መርቶ ያደረሰው ከፈረሰው የድሮ ሕንጻ አጥር ጋ ነው፤ እዚህ መሆኗን የነገረው የአጥሩ ዘበኛ ነው። ለካ ካርታው ላይ ያለው ነጥቧ ከዋናው መንገድ ተነቅሎ አያውቅም! ስንቱ ሰው አጥር አይቶ እንደተመለሰ እግዜር ይወቅ። ነጥቡን የዚያኑ ዕለት አዛወረችው፤ ከጎኑም «ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ሁለተኛ ረድፍ አበጀ፤ እንዴት አገኘኸኝ የሚል። በመጨረሻው ወር ከመጡት አርባ ሰዎች አሥራ ስድስቱ በስልካቸው ፈልገው ያገኟት ነበሩ። ሦስት ገጽ ጨምራለች፤ ስለሚሰርቀው ሰዓት፣ ላብ ስለጠጣው፣ ሲሞሉት ስለሚከረው። የመንገድ ዳሩን ዘመን አያህልም፤ እሷም ያህላል አትልም። ዓመቱ ሲሞላ ባለሕንጻውን አነጋግራ ውሉን ለስድስት ወር አራዘመችው። ለእህቷ ልጅም ደወለችለት።

«ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው። «ካስፈለገኝ ቆሜም ቢሆን እሠራልሃለሁ።»

እሱም ሳቀና፣ ስድስት ወር ከዓመት ያጥራል እትዬ አላት። ታውቃለች።

አሁን የያዛት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በዚህ ወር አራት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ነገራት፤ «ሲተኛ ይሄዳል፣ ሲሰቀል ይቆማል»። ሰው ይህን ጽፎ እንደሚፈልግ አትጠራጠርም፤ ግን ሳያመጣው በቤቱ ምን እንዲያደርግ እንደምትነግረው ገና አላወቀችም። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ጠቋሚው ከብዶም ሊሆን ይችላል፣ ጥርሶቹ መሐል አቧራ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ከአራቱ የሦስቱን ሰዎች ሰዓቶች ተቀብላ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላቸዋለች፤ ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ካርድ አለ፣ በየቀኑ አንድ ለውጥ ብቻ ይጻፍበታል። መምህሩም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ ሰው «ሲተኛ» ብሎ ነው የሚፈልገው ወይስ «ሲጋደም»? ሁለቱን በተራ፣ ሁለት ሁለት ሳምንት ሊሞክሩ ተስማምተዋል።

ዛሬ ጠዋት የሦስተኛውን ሰዓት ባትሪ ብቻ ለውጣ መልሳ ሰቀለችው። የሰከንዱ ጠቋሚ ወርዶ ስድስትን አለፈ፤ አሁን ዳገቱን ይዟል፣ ወደ ዘጠኝ። የሚቆመው ሁልጊዜ እዚያ ነው። እሷ ካርዱንና እርሳሱን ይዛ ከሥሩ ቆማ ታያለች።