እግር ያጠበ፣ ጫማ የሰፋ

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጥ ነበር። አንድ ረፋድ ሁለት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች መጥተው ስልኬን ተቀበሉኝ። ያነበቡት ስላላስደሰታቸው "ተነሽ" አሉኝ። ሲጎትቱኝ ቀሚሴ ከትከሻው እስከ ብብቱ ተተረተረ። የፖሊስ ጣቢያው ሴቶች ክፍል የገባሁት ቅዳጁን በእጄ ጨብጬ ነው።

ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መዳፍ የሚያህል። የድሬን ሙቀት ለምታውቁት ሌላ ምን ልንገራችሁ? አንዲት ጀሪካን ውኃ ነበረች፤ አንዲት ከጀልዴሳ የመጣች አሮጊት ነበረች። ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሷን ነው የያዙት። "አዴ" እላታለሁ፣ እናቴ እንደማለት። አገሯ ሩቅ ስለሆነ ጠያቂ የላትም። እግሯ አብጦ ጎንበስ ማለት ስላቃታት፣ ለሶላት ስትታጠብ እግሯን የማጥበው እኔ ሆንኩ።

ፍርድ ቤት በምንቀርብበት ዋዜማ፣ እግሯን እያሸሁ፣

"አዴ፣ እኛ ጋ ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ የሰውን እግር በወይራ ቅጠል ያጥባሉ" አልኳት። "ጌታችን ሊይዙት በመጡ ምሽት የደቀ መዛሙርቱን እግር ስላጠበ ነው።"

"ታስሮ ነበር?"

"ታስሮ ነው ያደረው።"

ሌላኛውን እግሯን ዘረጋችልኝ። "የኛንም ነቢይ፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ የገዛ አገሩ ሰዎች እህል ከልክለው ሸለቆ ውስጥ ዘግተውበታል። ቤቱ ሲሆን ደግሞ ጫማውን በእጁ ይሰፋ ነበር። ልብሱንም ይጥፍ ነበር።"

"የኛ ግን ጌታ ነው አዴ፣ ነቢይ ብቻ አይደለም።"

"ኢሳ ለኛ ነቢይ ነው። እግሬን ይዘሽ ልትከራከሪኝ ነው?"

ሳቅን።

"አቦ ተይው፣ እሱን እኔና አንቺ እዚህ አንጨርሰውም" አለች። "ግን እይ፣ አንዱ እግር ሲያጥብ፣ አንዱ ጫማ ሲሰፋ... ወላሂ፣ ሁለቱም ሎሌ አልነበራቸውም!"

ከዚያ ትከሻዬን አየች። "ነገ አባትሽ እንዲህ ሊያይሽ ነው?"

የፈራሁት እሱን ነበር። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው፤ የላላ ቁልፍ እንኳ አይወድም። አለቀስኩ። አዴ ከአገጯ ሥር ሻርፗን ያያያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ነቅላ የቀሚሴን ትከሻ ገጠመችበት።

"ሻርፑስ?"

"እጅ አለኝ አይደል?"

ካቴናውን ሁለታችንም አላሰብነውም። በማግሥቱ ቀኝ እጇን ከኔ ግራ ጋር አሰሩት። በግራዋ ምርኩዟን ያዘች። ሻርፑ መንሸራተት ሲጀምር ጫፉን በጥርሷ ነከሰችው።

ዳኛው "ስምዎን ይናገሩ" አሉ።

ዝም።

"እማማ፣ ስምዎን ነው የጠየቅሁት!"

አፏን ብትከፍት ሻርፑ ይወድቃል። ፖሊሱ በክርኑ ነካት። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ንቀት መስሎታል። አባቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር። በቀኝ እጄ መርፌ ቁልፉን ከትከሻዬ ነቀልኩት፤ ቀሚሴ ተከፈተ። የታሰረው እጄ የእሷንም እጅ ይዞ እየወጣ፣ እንደምንም አገጯ ሥር ቆለፍኩላት።

ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ጠርታ ተናገረች፤ ጥርት አድርጋ።

ዛሬ ሰው በየስልኩ "የማን ይበልጣል" እያለ ሲሰዳደብ ስሰማ ያቺ ጀሪካን ትታወሰኛለች። እኔ እምነቴን አልለወጥኩም፤ አዴም ከዓመታት በኋላ በእምነቷ አረፈች። ግን በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ ጎንበስ ሲሉ፣ የሚታየኝ ያበጠው እግሯ ነው።

አባቴ፣ ከፍርድ ቤት ወደ ጣቢያው በተመለስን በማግሥቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። አንደኛው የቤታችን ነበር። ሁለተኛውን ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቤት አሠርቶ፣ ሥጋው የእነሱ እርድ መሆኑን ለጥበቃው አስረድቶ፣ "ለእናትየዋ" ብሎ ሰጠው። እኔ ከተፈታሁ በኋላም፣ እሷ እስክትፈታ ድረስ በየቀኑ ይወስድላት ነበር።