የሳኒ ክንድ

ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ቤቱ ብዙ ነበር፤ የሳኒን ያህል ረጅም ክንድ ያለው ነጋዴ ግን አልነበረም። ክልሉ ገና በእግሩ በሚቆምበት በዚያ ዘመን፣ ሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ የኑዌሩም የአኙዋኩም እናት «በእንጨቱ አይሆንም፣ በክንድህ ለካ» ትለው ነበር። እሱም ጨርቁን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ እየዘረጋ ያንጎራጉራል፦

ባሮዬ አትድረቅ፣ ፍሰስ በቀስታ፣
ድምፅህ አይለየኝ ጠዋትና ማታ።

ኋላ ኩላሊቱ ከዳው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የግራ እጁን አንጓ ከፍቶ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ሰፋለት። «ይህ ሥር ሲወፍር ደምህን የሚያጥበው ማሽን እዚህ ላይ ይሰካል» አለው። «እስከዚያ አገርህ ሆነህ ጠብቅ። በዚህ እጅ ምንም እንዳትሸከም። ደሙ ሲያልፍ ሥሩ ይነዝራል፤ ንዝረቱን ጠዋት ጠዋት ዳስሰው፤ ከጠፋ ሳትውል ሳታድር ና።»

ጋምቤላ ሲመለስ ዳሳሿ ሚስቱ ሰውዳ ሆነች። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጆሮዋን አንጓው ላይ ትጥላለች። ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። «አለ» ትላለች፤ የሁለቱም ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንድ የገበያ ቀን የጥንት ደንበኛው ኛዳክ ለልጇ ሠርግ ጨርቅ ልትገዛ ከዘመዶቿ ጋር መጣች። ሳኒ ሜትሩን ሲያነሳ አየችው።

«ሳኒ! እንጨት ምንድነው? ክንድ የት ሄደ?»

«ግራው ታሟል፣ ኛዳክ።»

«ቀኝ አለ አይደል? ቀኝም ሱቅ ዘጋ?»

ዘመዶቿ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። በቀኙ ለካላቸው። በቀኝ የሚለካ ሰው ግን ጣቃው የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ ሳኒም ከልጅነቱ እንደለመደው ግራ ክንዱ ላይ አንተራሰው። መሸከም ማለት ጆንያ ማንሳት ይመስለው ነበር። አንዱ ጣቃ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ ቀትር ሆነ።

ለዐሱር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውሃው በአንጓው ላይ ወረደ። ከቆዳው ሥር ያ ንዝረት አልመለሰለትም። ሰውዳ ጆሮዋን ጥላ ቆየች፤ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

«የለም» አለች።

በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፈረ። አዲስ አበባ እጁን ብቻ አደንዝዘው ከፈቱት። ሐኪሙ የረጋውን ደም አወጣ፤ ከዚያ ቀለበት በመሰለች የደም ፍሰት መለኪያ ሥሩን አቀፈው። ከመሣሪያው እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ወጣ።

«ፈሰሰ!» አለች ነርሷ።

ሐኪሙ ቁጥሩን አየ። «ፈሷል። ለማሽኑ ግን አይበቃም።»

«ካልበቃስ፣ ዶክተር?» አለ ሳኒ እጁን ከጋረደበት መጋረጃ ወዲህ።

«ሌላ ሥር መፈለግ ነው። ያንተ ሥሮች ደግሞ ቀጫጭን ናቸው።»

ሳኒ ዓይኑን ጨፈነ። ስንቱ ደንበኛ ክንዱ ላይ አፍጥጦ «ይበቃኝ ይሆን?» ሲል ኖሯል፤ ዛሬ እሱ ሌላው ሲለካለት ይጠብቃል። ሐኪሙ ከአንጓው ከፍ ብሎ ሥሩ የጠበበበትን ቦታ አገኘ፤ ቆርጦ እንደገና ሰፋውና ቀለበቷን መለሰ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ድምፁ ከሩቅ መጣ፤ እያደገ፣ እየሰፋ፣ ባሮ በክረምት ድልድዩ ሥር እንደሚያልፈው ሆኖ ክፍሉን ሞላው። ሳኒ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

«አሁን በቃ» አለ ሐኪሙ።

በቃ፤ ግን ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ በየሳምንቱም ይጠብቀዋል። ሳኒ ወደ ባሮ አልተመለሰም። ሱቁን ሰውዳ ያዘች። አንድ ጠዋት ከጋምቤላ ቴሌ ደወለችለት።

«እጅህስ?»

የስልኩን እጀታ አንጓው ላይ አስጠግቶ ቆየ። ወደ ጆሮው ሲመልሰው ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ተሰማሽ?»

«የሽቦው ድምፅ ይሁን ያንተ አልለየሁትም» አለች፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ግን አለ። አለ፣ ሳኒ።»

ከዚያ የሱቁን ወሬ አነሳችለት።

«ኛዳክ ትናንት መጥታ ነበር። ‹የሰውዳ ክንድ አጭር ነው፣ ሳኒን መልሺልን› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት?»

ሳኒ አንጓውን በቀኝ መዳፉ ሸፈነው።

«በየክንዱ አንድ ስንዝር ጨምሪላት» አለ። «ያ የኔ ነው በያት።»